ጣት የማያሳምም ጊታር

በሰቆጣ ከተማ ጊታር የሚችል ሰው እንደሌለ ያረጋገጥኩት፣ ስለ ጊታር ምክር የማይሰጥ ሰው አጥቼ ነው። ጫማ የሚጠርገው ይመክራል። ባጃጅ የሚነዳው ይመክራል። የስልክ ካርድ የምትሸጥልኝ ሴትዮ እንኳ አንድ ቀን ጊታሩን ይዤ ስታየኝ፣ «አላላው እንጂ፣ ጭንቅ ይዞታል» ብላኛለች። የነሱስ ይሁን፤ ተናግረው ይረሱታል። እኔ ነኝ ሁሉንም ሰምቼ ሁሉንም የፈጸምኩት። በዚህ አገር ከመካሪ የሚብስ ሞኝ ካለ ተመካሪው ነው።

ጊታሩን የላከችልኝ እህቴ ናት። ሐረገወይን ትባላለች፤ እኛ ሐረጌ ነው የምንላት፤ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። ሰባት ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታለች። የዛሬ ሁለት ዓመት የጎረቤቶቿ ልጅ ሰልችቶት የጣለውን ጊታር ለምና ወሰደችና፣ ወደ አገሯ በምትመለስ ጓደኛዋ እጅ ላከችው። እናቴ ስትጠብቅ የነበረው ብርድ ልብስ ነው። ጊታሩን ከላይ እስከ ታች አየችና «ይሄ ይለበሳል?» አለች።

ሐረጌ ይህን ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም። አባታችን ከጻግብጂ የመጣ ገበሬ ነበር፤ በዓቢይ ጾም በገና ይደረድራል። ሲሞት በገናው ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ዜማው ግን በሁለታችን ጆሮ ቀረ። ሐረጌ በስልክ «በገናው ሄደ፤ አንተ በዚህ የአባባን ዜማ ተለማመድና ስመጣ ታሰማኛለህ» አለችኝ። እኔም «ምን ችግር አለ!» አልኳት። ሰው ሲሳሳት ረጅም ንግግር አድርጎ ይሳሳታል፤ እኔ በሦስት ቃል ጨረስኩት።

አሁን ጊታር ነክታችሁ ለማታውቁ ላስረዳ። (ነክቼ የማላውቀው እኔ ላስረዳችሁ ማለቴ ነው፤ እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ።) ጊታር ረጅም አንገት አለው። በአንገቱ ላይ ስድስት ክሮች ተወጥረዋል። በግራ እጅህ ጣቶች ክሩን ወደ አንገቱ ትጫናለህ፣ በቀኝህ ትነካዋለህ። ክሩ ለአንገቱ ቀረብ ካለ በቀላሉ እሺ ይልሃል፤ ከራቀ ግን ጣትህ እስኪሰነጠቅ ትጫናለህ። የኔ ጊታር ከወልድያ ሰቆጣ ድረስ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ፣ ከማሽላ ጆንያ ጋር በፀሐይ ታስሮ ስለመጣ አንገቱ ጎብጧል። በክሩና በአንገቱ መካከል የኛው የዋጉ ዝቋላ ፍየል ግልገሏን አስከትላ ታልፋለች።

በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ያህል ታገልኩት። በጣቶቼ ጫፍ ላይ ቀያይ መስመር ወጣ፤ እፍ ብልበትም አልጠፋ አለ። በማግስቱ ለጣቴ እረፍት ሰጠሁት። እረፍቱ ሁለት ዓመት ፈጀ።

ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንግዳ መጥቶ «ትጫወታለህ እንዴ?» ሲለኝ፣ «ክሩ ከፍ ብሎ ነው እንጂ» እላለሁ። ይህች መልስ ግሩም ነበረች። የማይችለውን ሰው የተከለከለ ታስመስለዋለች። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል፤ እኔ ግን ሳልይዘውም ተደናግሬ ነበር።

ችግሩ ሐረጌ ግድግዳውን አታየውም። በየወሩ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ «እየለመድኩ ነው» አልኳት። ቀጥሎ «ለምጃለሁ» አልኳት። «እስኪ ቀድተህ ላክልኝ» ስትል ወደ ገብሬ ሄድኩ። ገብሬ ለሠርግና ለማኅበር ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ጎረቤቴ ነው፤ በፍላሹ ውስጥ የሌለ ሙዚቃ የለም። ዘፋኝ የሌለበት፣ ጊታር ብቻውን የሚንቆረቆርበት አንድ ነገር ፈልጎ ከፈተልኝ፤ እኔ በስልኬ ቀዳሁና በኢሞ ላክሁላት። «ወይኔ ወንድምዓለም! ጣትህ ይባረክ!» አለችኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ይወፍር ጀመር፤ በዓመቱ አምስት ሙዚቃ ልኬላት ነበር። ሳፍር ደግሞ «ወይ ጉድ፣ እየተሻሻልክ ነው!» ትለኛለች።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ደወለች። «ትኬት ቆርጫለሁ። በፍልሰታ መጀመሪያ እገባለሁ፣ ሻደይን እዚያው እውላለሁ። የአባባን ዜማ አዘጋጅ» አለች። ሐረጌ በሰባት ዓመት ውስጥ ደመወዟን የካደ አሠሪ አይታለች፣ ሻንጣዋን የሰረቀች ጓደኛ አይታለች። «እኔ እንግዲህ በዚህ ምድር የማምነው አንተን ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። የመጨረሻውን ውሸታም ልታይ አውሮፕላን ተሳፍራ እየመጣች ነው።

ሦስት ሳምንት አለኝ። ለአንዲት የጾም ዜማ ሦስት ሳምንት በቂ ነበር። ጤነኛ ሰው ጊታሩን አውርዶ ቁጭ ይላል። እኔ ግን «መጀመሪያ ክሩ ይስተካከል» አልኩ። ሰነፍ ሰው ሥራ የሚወደው ይህን ጊዜ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚያዘገይ ሌላ ሥራ ሲያገኝ እንደሱ ታታሪ የለም።

ጉዞዬን ከገብሬ ጀመርኩ። ገብሬ «ደሴ ከባንድ ጋር ሠርቻለሁ» ይላል፤ የሠራው ሽቦ መጠቅለል እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጊታሩን ገለበጠው፣ አንኳኳው፣ አሸተተው። ከዚያ ክሮቹ ከታች በኩል የሚያርፉባትን አጥንት የምትመስል ነጭ ቁራጭ እያሳየኝ፣ «ይቺ ናት ያስቸገረችህ፤ ትሞረድ» አለ። ወዲያው «ቆይ እስኪ፣ ጣትህን አሳየኝ» አለኝ። ግራ እጄን ሰጠሁት። የጣቶቼን ጫፍ ጫን ጫን አደረገና ሳቁ አመለጠው።

«ይሄ ጣት ነው ወይስ ቅቤ? ስማ፣ ጊታር የሚጫወት ሰው በጣቱ ጫፍ ነው የሚታወቀው። መጀመሪያ ይሄ ይደድር።»

ሽቦ ጠቅላይ ስለ ጣት ሲያስተምረኝ ደሜ ፈላ። ሁለት ምክር ሰጥቶኝ ትክክለኛይቱን ትቼለት ሌላይቱን ይዤ ወጣሁ።

ለመሞረድ ከአያ ካሳው የሚሻል የለም። አያ ካሳው አናጢ ናቸው፤ አልጋ፣ የሬሳ ሣጥን፣ ሞፈርና ቀንበር ይሠራሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ በእጃቸው ከሠሩት ነገር አንዱም ተመልሶ አልመጣባቸውም ይባላል፤ በተለይ ሣጥኑ።

«አያ ካሳው፣ ይችን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«የምን አፈር ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ጊታር ነው!»

«እሱማ አይኔ ያያል። ማረሻም እኮ እንደ አፈሩ ነው የሚስተካከል። ለደሃና ወረዳ ጥቁር አፈር ሌላ ነው፣ ለዝቋላ ጭንጫ ሌላ ነው። አንተ አጥልቀህ ነው ወይስ ፈቀቅ ፈቀቅ አድርገህ ነው የምታርስበት?»

አሰብኩ አሰብኩና «ብቻ ጣት የማያሳምም ይሁን» አልኳቸው።

«ጣት የማያሳምም እርሻ እንኳ አላየሁም» አሉና ሞረዳቸውን አነሱ።

ሞረዱ ለቀንበር የተሠራ ነው። ሁለት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ነጯ አጥንት ግማሿ በአያ ካሳው ጉልበት ላይ በዱቄት መልክ ተቀምጣለች። ክሮቹን መልሰን ስንወጥር አንገቱ ላይ ዘርፈጥ ብለው ተኙበት። ነካሁት። ዝዝዝዝ አለ። ሌላውን ነካሁ። ዝዝዝዝ። ክሩ ለአንገቱ ከመጠን በላይ ሲቀርብ በአንገቱ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች እየመታ እንዲህ ነው የሚያደርግ። አያ ካሳው ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና «ንብ ገብቶበታል» አሉ። በዋግ ይሄ ነቀፌታ አይዶለም፤ ማሩ ይወደዳል። ለኔ ግን መርዶ ነበር።

በማግስቱ ጊታሩን ወደ መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። በሻይ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አጋደምነው፤ ባልደረቦቼም እንደ በሽተኛ ከበቡት። ግማሹ «ይነሳ» አለ፣ ግማሹ «ይውረድ» አለ። የ«ይነሳ» ወገኖች የ«ይውረድ» ወገኖችን አርቀው ማሰብ የማይችሉ አሏቸው። አንዱ «እስኪ መጀመሪያ ጥናት ይጠና» አለ፤ እሱ ሽንት ቤቱ ሲደፈንም እንዲሁ ነው ያለው። በመጨረሻ ኃላፊያችን ብቅ ብለው፣ ግራ ቀኙን ሰምተው «መሃል ላይ አድርጉት» ብለው ሄዱ። መሃሉ የቱ ጋ እንደሆነ አልተናገሩም። ኃላፊ የሆኑትም ለዚሁ ነው።

መሃሉን ፍለጋ ተሰማራን። የተፋቀ የስልክ ካርድ ቆርጠን ከአጥንቷ ሥር ሰካን፤ ዝዝታው ትንሽ ቀነሰ። ሁለተኛ ጨመርን። የክብሪት እንጨት ጨመርን። አንዱ የተሰበረ የፕላስቲክ ማስመሪያ ይዞ መጣ፤ እሱም ገባ። የ«ይነሳ» ወገኖች አጨበጨቡ። ዝቅ ብዬ በጎን ሳየው ፍየሏ ግልገሏን አስከትላ ተመልሳለች። ተናድጄ ሁሉንም ነቅዬ የጊታሩ ከረጢት ውስጥ ወረወርኩና ክሩን መልሼ ሳጠብቅ አንደኛው ጧ ብሎ ተበጠሰና ጉንጬን ገረፈኝ። ባልደረቦቼ ወዲያው የመዝገብ ሥራ እንዳላቸው ትዝ አላቸው።

ቤት ስገባ ሌላ መከራ ጠበቀኝ። ፍልሰታ ገብቷል፤ እናቴ በር ላይ ቆማ «በጾም ዘፈን እቤቴ አይገባም!» አለች። «እማ፣ ዘፈን አይዶለም፣ የአባባን የጾም ዜማ ነው» ብላት፣ «በዚህ ሲሆን ዘፈን ነው። በገና ሲሆን ነው ጸሎት» አለች። እሷ ካለች አለች ነው። ሐረጌ ልትገባ አራት ቀን ቀርቷታል፤ ክሬ አምስት ነው፣ ንብ ገብቶበታል፣ ቤቴም ተከልክሏል።

ያኔ ነው ወደ መሪጌታ ላቀው የሄድኩት። መሪጌታ አባቴን በገና ያስተማሩት ሰው ናቸው፤ ዛሬ አይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ጊታሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ክሮቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ።

«አምስት ነው?» አሉ።

«አዎ መሪጌታ፤ ስድስት ነበር።»

«በገና ዐሥር ነው። ዐሥሩ ትእዛዛት ነው ምሳሌው። አንተ ግማሹን ይዘህ የት ልትደርስ ነው ልጄ?»

ከውሸቴ አንጻር ሲታይ ግማሹም በዝቶብኝ ነበር። መሪጌታ አንዱን ክር ነኩት። ዝዝዝዝ። ፊታቸው በራ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን ጊታር ሰምቶ ፈገግ ያለ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ድምፁስ ደኅና ነው፤ ይነዝራል። ግን እኩል አይነዝርም። እንዚራ የለውማ!»

እንዚራ በበገናው አውታር ሥር፣ በማረፊያው ላይ የምትገባ ቁራጭ ጠፍር ናት። በገናን እንዲያ ከሆድ የሚያስነዝረው እሷ ናት። የጊታር ሰዎች ክር ሲነዝር ተበላሸ ብለው ያለቅሳሉ፤ መሪጌታ ዘንድ ካልነዘረ አልተሠራም። ካሮጌ ጠፍር አምስት ቁራጭ ቆርጠው፣ በምራቃቸው እያራሱ በያንዳንዱ ክር ሥር አስገቡ፤ እያንዳንዱን እየጎተቱ እየገፉ አስማሙ። ሲጨርሱ ጊታሩ ጊታርነቱን ክዶ ነበር። አንዱን ክር ሲነኩት ከግድግዳው ላይ አፈር የሚያራግፍ ድምፅ ወጣው።

ጣትስ? ጣት አይጠይቅም። ክሩ አንገቱ ላይ ስለተኛ ነካ ማድረግ ይበቃል። የፈለግሁት ከፍታ ይኸው ተገኘ! መሪጌታ የአባቴን ዜማ አሳጥረው በሁለት ጣት የሚያዝ አድርገው በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አስያዙኝ። ወደ ቤት ስመለስ በጭቃው ላይ እየዘለልኩ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጫወተ ሰው እንደምመስል ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ሐረጌ መጣች። ከስታለች፣ ጠጉሯ ፊት ለፊት ሸብቷል፤ ከኔ የምታንስ አትመስልም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አለቀሰ፣ ሳመ፣ ሻንጣዋን በዓይኑ መዘነ። ከቅዳሴ በኋላ ጾማችንን ፈትተን፣ ሰዉ ሁሉ ሄዶ እኛው ስንቀር፣ «በል እንግዲህ ወንድምዓለም» አለችኝ።

ጀመርኩ። ቤቱ ነዘረ። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች፤ «እሰይ! በገናውን ከቤተ ክርስቲያን አስመጣችሁት?» አለች። ከዚያ ጊታሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳለ ዜማው አሸነፋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። አንዲት ጎረቤታችን በአጥር በኩል ስታልፍ ቆማ አማተበች። ስጨርስ እናቴ በእንባዋ መካከል «ቁርጥ አባትህን!» አለች። ቀና ብዬ ሐረጌን አየኋት። ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ሐረጌ አላለቀሰችም።

«ግራ እጅህን ስጠኝ» አለች።

የምትስመው መስሎኝ ሰጠኋት። የጣቶቼን ጫፍ አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገቻቸው፤ ልክ ገብሬ እንዳደረገው። ገብሬ ስቆ ነበር።

«ሁለት ዓመት?» አለች። «ይሄን ጊታር የጣለው ልጅ አንድ ክረምት ብቻ ተጫውቶበት የጣቱ ጫፍ እንደ ተረከዝ ደርቆ ነበር። እያሳየ ይፎክርብኝ ነበር። ያንተ የሕፃን ነው።»

«የላክሁልሽ ሙዚቃ ሁሉ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ። ሁለተኛው ላይ፣ መጨረሻው አካባቢ፣ አንድ ሰው "ቶሎ በል፣ ፍላሹን እፈልገዋለሁ" ይላል። ገብሬ አይደለም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አንድ ቀን እውነት ያደርገዋል ብዬ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይለምናል። እኔ ግን ያቺ የለመድኳት መልስ ከአፌ ሾልካ ወጣች፤ «እኮ ክሩ ከፍ ብሎ ነው እንጂ...»

ሐረጌ መዳፏን ዘርግታ ጣቶቼን አስነካችው። የእህቴ መዳፍ የአያ ካሳው ሞረድ ነው። በበረኪና ተልጧል፣ ደድሯል፣ ደግሞ ተሰንጥቆ ደድሯል።

«የዕቃ ማጠቢያቸው ለኔ ቁመት ዝቅ ያለ ነበር» አለች። «ሰባት ዓመት ጎንበስ ብዬ አጠብኩ። ከፍ አድርጉልኝ ያልኩት ሰው የለም።»

እናቴ ምን እንደምንነጋገር አልገባትም። «ድገመው እንጂ ልጄ» ትላለች።

ሐረጌ ጊታሩን ከጭኔ ላይ አነሳች። ክሮቹን አላልታ የመሪጌታን ጠፍሮች አንድ በአንድ አወጣችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው። የጊታሩን ከረጢት ስትዳብስ ያን የመሥሪያ ቤት ማስመሪያ ከክብሪት እንጨቱና ከካርዶቹ ጋር አገኘች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ያ ልጅ ሲያደርግ አይታ ይሆናል፣ ሁሉንም መልሳ ከአጥንቷ ሥር ሰካችና ክሮቹን ወጠረች። ዝቅ ብዬ አየሁ። ፍየሏ ግልገሏን አስከትላ መጥታለች።

«ኧረ በገናውን ምን አደረግሽው?» አለች እናቴ።

«ዜማው ያው የአባባ ነው፣ እማ» አለቻት ሐረጌ። ወደኔ ዞራም «ሻደይ እስኪገባ ዐሥር ቀን አለ» አለችና ጊታሩን መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። እሷ ፊት ለፊቴ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ተጫንኩት። አመመኝ። የዋዛ ሕመም አይደለም፤ ከጣቴ ጫፍ ተነስቶ ክርኔ ድረስ ዘለቀ። «ክሩ...» ልል አፌን ከፍቼ ቀና አልኩ። ሐረጌ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጠብቀኛለች። አፌን ዘግቼ መልሼ ተጫንኩት።